አስር አለቃው ጽዋ የተቀበለ ሳምንት

በዚያን ጊዜ ብቸና መናኸሪያ አጠገብ አራት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ነበረችኝ። ከደጀን ወደ ሞጣ የሚወጣው፣ ከሞጣ ወደ ደጀን የሚወርደው መኪና ሁሉ ደጃፌ ላይ ነበር የሚቆመው። ባሌ ሁለት ሴት ልጆች ትቶልኝ ስለሞተ ሥራ እንጂ ወሬ አልወድም ብዬ እምል ነበር። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ሲያነቡ እንደሚስቁ አውቃለሁ፤ በከተማው ውስጥ እኔ ሳልሰማው የሚያድር ወሬ አልነበረምና። ምላሴም አይጣል ነበር። ደንበኛ «እንጀራው ሳሳ» ካለኝ «ወፍራሙ ቤትህ ይጠብቅሃል» ብዬ እሸኘዋለሁ። ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ ደግ ሴት ነኝ ብዬ አምን ነበር፤ ሰውም እንዲያ ይለኝ ነበር። የማወጋችሁ ያቺ ደግ ሴት በአንድ የሐምሌ ሳምንት የገጠማትን ነው።

ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ የተበተነ ጊዜ በዓባይ ድልድይ በኩል ብዙ ወታደር ወደ እኛ ወጥቶ ነበር። አብዛኛው ወደየአገሩ አለፈ። ሦስቱ ግን እኛው ዘንድ ቀሩ። አንደኛው ግዛቸው ይባላል፤ ሁለት ዓይኖቹ ጠፍተዋል። ሁለተኛው ታደሰ ነው፤ ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች የለም። ሦስተኛውን ሁላችንም አስር አለቃ እንለው ነበር። ሁለቱንም እግሮቹን ከጉልበቱ በላይ ፈንጂ ስለወሰደበት ኩሽኔታ በተገጠመለት ጣውላ ላይ ተቀምጦ መሬቱን በእጆቹ እየገፋ ነው የሚሄደው። ሦስቱም የሚያድሩት በቤተ ክርስቲያኑ የግንብ አጥር ጥግ በወጠሩት ሸራ ሥር ነበር። ቀን ቀን አስር አለቃው እየተንከባለለ መጥቶ የእኔን ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል።

ሰባት ዓመት ሙሉ ከማእድ የተረፈውን አንድም ቀን ሳላጓድል አውጥቼለታለሁ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ የሻረግ» ይለኛል። «በል ብላ» ብዬው እመለሳለሁ። የሰባት ዓመት ጨዋታችን ተጠቃሎ ይኸው ነበር። አንድ ነገር ግን አይቼበት ነበር፤ የሞጣ መኪና መጥቶ ሲቆም ጋቢውን እስከ ዓይኑ ድረስ ይከናነባል። አቧራ ይጠላል ብዬ ደመደምኩ። መሬቱ ጭቃ በሆነበት በክረምቱም ይከናነብ እንደነበረ ልብ አላልኩም።

እኔ የደብራችን ሰንበቴ አባል ነኝ። ለማያውቀው ላስረዳ። እሁድ እሁድ ቅዳሴው ሲያበቃ አባላቱ ሰንበቴ ቤት ገብተን እንቀመጣለን። ባለተራው ዳቦውን፣ ወጡንና ጠላውን አዘጋጅቶ ያበላናል፤ ደጀ ሰላሙ ላይ ለተቀመጡት ነዳያንም ከዚያው ይወጣላቸዋል። ከዚያ ካህኑ ባለተራውን በክርስትና ስሙ ጠርተው ይጸልዩና ጽዋውን ለቀጣዩ ባለተራ ያስረክባሉ። ጽዋ የምንላት አንዲት ያረጀች የሸክላ ዋንጫ ናት። እሷን በሁለት እጁ የተቀበለ ሰው በሳምንቱ ድግሱን ሳያወጣ አይቀርም። ቢታመም ቤተሰቡ ያወጣለታል። ጽዋ ተቀብሎ ማስቀረት በእኛ ዘንድ ዕድሜ ልክ የሚነሣ ነውር ነው።

ያን እሁድ ከሌሊት ጀምሮ ሲዘንብ ነበር ያረፈደው። ጽዋውን መቀበል የነበረበት እህል ነጋዴ ሚስቱ አራስ ስለነበረች ተራው እንዲተላለፍለት ጠየቀ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ጎተራው መሟጠጡን ተናገረ። ሐምሌ እንደምታውቁት ነው፤ የአምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ገና ሣር ነው። ቄስ ገላው ጽዋውን እንደያዙ ቆመው «እሺ ማን ይቀበላል?» አሉ። ሁላችንም ወለሉን ማየት ጀመርን። እኔ በግንቦት አብልቼ ስለነበር የማላፍርበት ምክንያት ነበረኝ፤ ቢሆንም እንደ ሰዉ አቀረቀርኩ።

«እኔ እቀበላለሁ» የሚል ድምፅ ከበሩ ተሰማ።

ስንዞር አስር አለቃው ነው። ዝናቡ ከጋቢው ጫፍ ይንጠባጠባል። አንዳንዱ ሳቀ። እኔ ደግሞ ሳቅ ያለበትን ቦታ ማለፍ አይሆንልኝም፤ «አንተ አስር አለቃ፣ ምን ልታበላን ነው? የሰጠንህን መልሰህ ልታጎርሰን?» አልኩት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ዛሬም ድረስ ከአፌ ከወጣው ነገር ሁሉ ብመልሰው የምመኘው ያንን ነው።

ወደ እኔ አልተመለከተም። በእጆቹ ጣውላውን ብድግ አድርጎ ደፉን ተሻገረ። ከደጀ ሰላም ሰው ያንን ደፍ ሲሻገር ያየሁት ያን ቀን መጀመሪያዬ ነው። ኩሽኔታው በድንጋዩ ወለል ላይ እየጮኸ ቄስ ገላው እግር ሥር ደረሰና ቀና አለ።

«አባ፣ ጽዋ ለመቀበል እግር ግድ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

ሳቁ ቆመ። ቄስ ገላው «መጠመቅ ነው ግድ» አሉና ጎንበስ ብለው ጽዋውን በሁለት እጁ ላይ አኖሩለት። «ሳምንት ከዚሁ ያገናኘን» ብለው አሰናበቱን።

ሰኞም ማክሰኞም የከተማው ወሬ ይኸው ሆነ። አንዳንዱ ዝናቡ አናቱን መትቶታል አለ። አንዳንዱ ቄስ ገላውን ወቀሰ። ሁለቱንም ቀን አስር አለቃው ወደ ግድግዳዬ አልመጣም፤ ያወጣሁለት ሳህን እንዳለ ተመለሰ። መቼም ሆዴ አልቻለም። እሁድ ጽዋው ቢቀር ይህ ሰው ከዚያ ደጀ ሰላም ዳግመኛ ዐይኑን አያሳይም፤ ጓደኞቹም አብረውት ይጠፋሉ ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ሦስት የሰንበቴ ሴቶች ሰብስቤ መከርን። ዱቄቱንም ጌሾውንም እኛ እናወጣለን፣ ድግሱ እኔ ቤት ይዘጋጃል፣ እሱ በስሙ ተቀምጦ ይመረቅበታል አልን። ከዚህ የበለጠ ደግነት ከየት ይመጣል! ረቡዕ ዕለት የምሥራቹን ልነግረው ጃንጥላዬን ይዤ ወደ ሸራው ሄድኩ።

ሸራው ሥር ያየሁት ሌላ ነገር ነው። በአንድ በኩል አሥር የማያንስ የተሰበረ ጃንጥላ ተከምሯል። የላምባ ምድጃ አለ፣ ፋኖስ አለ፣ ቂጡ የተበሳ ድስት አለ። አስር አለቃው መካከል ተቀምጦ የጃንጥላ ሽቦ በጉጠት ያቃናል። ግዛቸው ዐይኑ ባያይም ጣቶቹ ቃጫውን እየገመዱ ገመዱ ከፊቱ ይጠቀለላል። ታደሰ በአንድ እጁ ውኃ ተሸክሞ ገባ። ጥግ ላይ አፉ የታሰረ የእህል ጆንያ ቆሟል።

ይህን ሁሉ እያየሁ የመጣሁበትን ነገር ተናገርኩ። ስጨርስ ማንም አላመሰገነኝም።

አስር አለቃው ጉጠቱን አስቀመጠ። «እትዬ የሻረግ፣ ሰባት ዓመት አብልተውኛል። እዚህም እዚያም ዓለም የማልክደው ነው። ይቺን ግን አይውሰዱብኝ» አለኝ።

«ምን ወሰድኩብህ? ጨመርኩልህ እንጂ!»

«ድግሱ የእናንተ ከሆነማ እኔ ያው ደጃፍ ነኝ። ስሜን ለምን ይጠሩታል?»

ተናደድኩ። የተናደድኩት እውነቱን ስለነበረ ነው፤ ያኔ ግን አላወቅሁትም። ወደ ተከመረው ጃንጥላ እያመለከትኩ «ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ ይኼን የቻልከው?» አልኩት።

«ጥገና ክፍል ነበርኩ። ታንክ ሳይቀር እንፈታ ነበር። ወር ሙሉ ማታ ማታ ስሠራ ነው የከረምኩት፤ የሚከፍሉኝም በእህል ነው፣ በገብስ፣ በባቄላ። ጠላውን ደጀ ሰላም ካሉት ሴቶች አንዷ እሁድ ማታ ጠነሰሰችው። ማንም የሚቀበል እስኪጠፋ ጠበቅኩ፤ የሰው ተራ መሻማት አልፈለግሁም።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ለምን አልተናገርክም?»

 የመለሰልኝ ታደሰ ነው። «ተናግሮ ነበር እኮ። በመጣን በዓመቱ የላምባ ምድጃዎት ተሰብሮ ‹ይስጡኝ፣ ልሥራልዎት› ቢልዎት፣ ‹አርፈህ ብላ› ብለውታል።»

ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ምድጃው ትዝ አለኝ፤ እስከዚያን ቀን ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። የተናገርኩት ግን ፈጽሞ ትዝ አላለኝም። ስለው አዝኜለት እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ። አትልፋ ማለቴ ነበር።

አስር አለቃው ነገሩን ሊያበርድ ብሎ «ሊረዱኝ ከፈለጉ አንድ የማልችለው ነገር አለ» አለኝ። «ሞጣ ይሂዱልኝ።»

ከዚያ ወሬውን ነገረኝ። ከወር በፊት ሁለት የሞጣ ሰዎች እኔው ቤት ምሳ ሲበሉ ወሬያቸው በመስኮቱ ወጥቶ ተሰምቶታል። ልጃቸው ወታደር ሆኖ የቀረባቸው አንዲት እናት አሉ፤ መርዶ አልተነገራቸውም። ሰው ሁሉ ተዝካሩን አውጪለት ቢላቸው እሺ ሳይሉ ኖረው፣ አሁን ደክሟቸው ለመስከረም ሊያወጡ ተስማምተዋል። እኒያ ሴት የእሱ እናት ናቸው።

«ከዚህ ሞጣ የግማሽ ቀን መንገድ ነው!» አልኩት። «ሰባት ዓመት እናትህን እንዲህ ታደርጋለህ?»

«ለማኝ ልጅ አለሽ ከሚሏት ሞቷል ቢሏት ይቀላታል ብዬ ነበር። ተዝካሬን ልታወጣ ነው ሲሉ ግን አልቻልኩም። ሰው ደጅ ቁጭ ብዬ ምጽዋት ስለምን እንድታየኝ አልፈልግም። ጽዋ ይዤ፣ ሳበላ ታግኘኝ። እሁድ ያድርሱልኝ፣ እትዬ የሻረግ። ስለ እግሬ ግን አይንገሯት፤ እኔው ነኝ የምነግራት።»

«እሺ። ማን ብዬ ልጠይቅ? የማን እናት ልበል?» ስለው የራሴ ጥያቄ አስደነገጠኝ። የሰው ሚስጥር ሁሉ የማውቀው እኔ፣ ሰባት ዓመት ያበላሁትን ሰው ስም አላውቀውም።

«ስንሻው» አለኝ። «የጥሩነሽ ልጅ ስንሻው።»

ድግሱን እንዲሠሩበት የማድ ቤቴን ቁልፍ ቅዳሜ ለደጀ ሰላም ሴቶች እንዲሰጡ ለልጆቼ ነግሬ ዓርብ ጠዋት ተሳፈርኩ። ሞጣ ከሰዓት ደርሼ ሳጠያይቅ ቤቱን የማያውቅ አልነበረም። እማማ ጥሩነሽ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ደጃቸው ላይ ገብስ እየለቀሙ አገኘኋቸው። ለምን እንደሚለቅሙት ስለገባኝ ሰላምታውን በቅጡ ሳላደርስ «ከብቸና ነው የመጣሁት፤ ስንሻው ልኮኝ ነው» አልኳቸው።

ሰፌዱን ከጭናቸው ላይ አወረዱ። «በሕይወት?» አሉኝ።

«በሕይወት፣ እማማ።»

ይጮኻሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ተነሥተው ገቡና ነጠላቸውን ለብሰው፣ በትራቸውን ይዘው ወጡ። «እንሂዳ» አሉኝ። መኪና ያለው ነገ ነው ብዬ ለማስቀመጥ ስንት ለመንኳቸው። ሌሊቱን ሁለታችንም አልተኛንም፤ ሁለታችንም የተኛን መስለን ነጋ።

ቅዳሜ መኪናው የተነሣው አርፍዶ ነው። ልጄ ጠግቦ ያድራል ወይ፣ ጸጉሩ ሸብቷል ወይ፣ ዐይኑ ያያል ወይ፣ እጁ ደህና ነው ወይ፣ ሚስት አለው ወይ እያሉ መንገዱን ሙሉ ጠየቁኝ። ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም አልኩ። «ጃንጥላ ይጠግናል፣ ምድጃ ይሠራል፣ ሰው ያከብረዋል» አልኩ። የመጨረሻውን ስናገር ፊቴ ጋለ።

«መናኸሪያ ወጥቶ ይቀበለናል?» አሉኝ።

«ድግሱን ትቶ አይመቸውም፣ እማማ።»

 መኪናው አንዱን ጉድጓድ ሲያልፍ ትከሻዬን ያዙና «ምኑ ነው የጎደለው?» አሉኝ።

«ምን አሉኝ?»

«ልጄ፣ እኔ አሮጊት ነኝ እንጂ ጅል አይደለሁም። ደህና የሆነ ልጅ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ተቀምጦ እናቱ ዘንድ ሳይመጣ ይህን ያህል ዘመን አይቆይም። ስለ ዐይኑም ስለ እጁም ስጠይቅሽ ቶሎ መለስሽልኝ። መናኸሪያ ይወጣል ወይ ስልሽ ግን ሸሸሽ። እግሩ ነው?»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ምላሴ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳችኝ። እንባዬ ግን መለሰላቸው።

«አንዱ ነው ሁለቱ?»

«ሁለቱም» አልኩ።

ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ጣሉ። ለረጅም ጊዜ ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ቀና ሲሉ ዐይናቸው ቀልቷል፤ ድምፃቸው ግን የረጋ ነው። «እንዳወቅሁ አትንገሪው። ሊነግረኝ ያሰበበት መንገድ ይኖረዋል፤ አላበላሽበትም» አሉኝ። ልጅ ከእናቴ ይደብቁልኝ ብሎኛል፤ እናት ከልጇ ደብቂልኝ አሉኝ። እኔን፣ የመናኸሪያዋን ወሬኛ!

ጉንደ ወይን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መኪናው ጭቃ ውስጥ ገብቶ እስከ ሆዱ ሰጠመ። ወንዶቹ ገፉ፣ ድንጋይ ተነጠፈ፣ ጎማው ተሽከረከረ፤ ወይ ፍንክች። ቀኑ እየመሸ ሲሄድ ሹፌሩ ነገ ነው አለ። እማማ ጥሩነሽ ማንንም ሳይጠብቁ ወርደው በትራቸውን ተመርኩዘው መራመድ ጀመሩ። ጭቃው ጫማቸውን ሲያስቀረው ዞረው እንኳ አላዩትም። ክንዳቸውን ይዤ ጉንደ ወይን ገባን፤ አንዲት የማታውቀን ሴት አሳደረችን። ጠዋት ሲነጋ መንገዱ ላይ ቆመን ነበር። እሁድ ነው፣ መኪና የለም። ቅዳሴው እንደገባ በልቤ አሰላሁ። እየጸለይኩ እያለ እህል የጫነ አይሱዙ መጣ። ሹፌሩ ቦታ የለኝም ሲል እማማ ጥሩነሽ በሩን ያዙና «ልጄ ሊያበላኝ ይጠብቀኛል» አሉት። ሹፌሩ ከጎኑ የነበረውን ሰው ወደ ጭነቱ ላይ አስወጣና እሳቸውን ጋቢና አስገባቸው። እኔ ጆንያ ላይ ወጣሁ።

በእኛ በኩል ይህ ሲሆን ሰንበቴ ቤት ምን እንደነበረ ኋላ ነው የሰማሁት። ቅዳሴው አብቅቷል፤ አባላቱ ገብተው ተቀምጠዋል፤ ዳቦው ተሸፍኗል። ጥቂት ቆይቶ ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ቄስ ገላውም «አስር አለቃ፣ እንባርከውና ይበላ» አሉት። እሱ ግን «አባ፣ አንድ እንግዳ ይቀረኛል» ብሎ በሩ ላይ ቀረ። ሁለተኛ ሲጠይቁት ያንኑ መለሰ። በሦስተኛው ማንም አልጠየቀውም።

ከአይሱዙው ወርደን በደጀ ሰላሙ ስንገባ ነዳያኑ እንደወትሮው ተደርድረው አልተቀመጡም። ሁሉም ቆመው በሥራ ላይ ናቸው። አንዷ ብርሌ ታጥባለች፣ አንዷ ወጥ ታማስላለች። ግዛቸው የጠላውን ማሰሮ አቅፎ ይዟል፤ ታደሰ ትከሻውን ይዞ ይመራዋል። አስር አለቃው የታጠበ የወታደር ኮት ለብሶ፣ ከላዩ ነጠላ አጣፍቶ በሰንበቴ ቤቱ በር ላይ ነው። እናቱን ከሩቅ አያቸው። ወዲያው ሁለት እጆቹ የነጠላውን ጫፍ ይዘው ጭኑን ለመሸፈን ወደ ታች ጎተቱት። እንዴት አድርጎ ሊነግራቸው እንዳሰበ እንጃ፤ ሁሉም ነገር ከፊቱ ላይ ጠፋ።

እማማ ጥሩነሽ አልሮጡም። አልጮኹም። በጭቃ በተለወሰ እግራቸው ቀስ ብለው ደረሱና በእርጥቡ ድንጋይ ላይ ከጣውላው ጎን ቁጭ አሉ። እግራቸውን አጥፈው፣ ትከሻቸውን ከትከሻው አጋጥመው፣ ራሳቸው ከራሱ እኩል ሆነ። ከትናንት ወዲያ የተለያዩ ይመስል «ደከመኝ፣ ልጄ። መንገዱ ክፉ ነው። ምን ታበላኛለህ?» አሉት።

 ዳቦውን ከመሶቡ አንሥቶ ቆረሰ። የመጀመሪያውን ለእሳቸው አጎረሳቸው። እያኘኩ ፊቱን በነጠላቸው ጠረጉለት። ቤት ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቆሟል፤ የሚያለቅሰውም የማያለቅስ የሚመስለውም አንድ ላይ ነበር።

ቄስ ገላው ወጥተው በላያቸው ቆሙ። «የባለ ጽዋው የክርስትና ስም ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። አስር አለቃው ፊቱን ከእናቱ ትከሻ ላይ አላነሣም። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሰባት ዓመት በደጃችን የተቀመጠውን ሰው በጸሎት ጠርቶት የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

እማማ ጥሩነሽ ከመሬቱ ላይ ሳይነሡ መለሱ። «ወልደ ሚካኤል ነው፣ አባቴ። ሞጣ እስከ ዛሬ ከሕያዋን ጋር ነው ሳስጠራው የኖርኩት። እርስዎም ከሕያዋን ጋር ይጥሩልኝ።»

ቄስ ገላው ጠሩት። እኛም አሜን አልን። ከዚያ በላን። ጠላው ገና ጥሬ ነበር፣ ዳቦው በአንድ ወገን አሯል፤ የዚያን ያህል የጣፈጠኝ ድግስ ግን አላስታውስም። የደጀ ሰላሙ ሰዎች ያስተናግዳሉ፣ እኛ ተቀምጠን እንበላለን። ግዛቸው ሲቀዳልኝ «ማን ነዎት?» አለኝ። «የሻረግ ነኝ» ስለው ሳቅ አለና «ለእርስዎማ ጠግበው እስኪተዉ ነው የምቀዳልዎት» አለኝ።

ሲያበቃ ቄስ ገላው «ማን ይቀበላል?» አሉ። ወለሉን ያየ ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን ቀደምኩ። ጽዋውን ከአስር አለቃው እጅ ለመቀበል መንበርከክ ነበረብኝና ተንበረከክሁ። ስነሣ ጉልበቴ ጭቃ ነበር። አላራገፍኩትም።

በመስከረም ለተዝካር የተለቀመው ገብስ ከሞጣ መጥቶ የሰንበቴያችን ጠላ ሆነ። ሦስቱም ወታደሮች በዚያው ወር አባል ሆነው ተራ ገቡ፤ ተራቸውንም አንድ ጊዜ እንኳ አላሳለፉም። እኔ ለስንሻው ግድግዳዬን ሰጠሁት፤ በላዩ ቆርቆሮ አስመትቼለት የጥገና ቦታ አደረገው። የሞጣ መኪና ሲቆምም ጋቢውን መከናነቡን ተወ። በዓመቱ እናቱ እየደከሙ ሲሄዱ ሞጣ ገብቶ ሊጦራቸው ወሰነ። ግዛቸውና ታደሰም አብረውት ሄዱ፤ እዚያም ገበያው አጠገብ በሦስት ሆነው የጥገና ቤት ከፈቱ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ደጃችሁ ላይ የተቀመጠ ሰው አይጠፋም። ምግብ መስጠቴን እንደ ጥፋት ቆጥሬ እንዳልሆነ ተረዱልኝ፤ የተራበ መብላት አለበት፤ እኔም ዛሬም አበላለሁ። ግን ሰባት ዓመት ሳህን ሳቀብል አንድ ቀን አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስምህ ማነው፣ ምን ትችላለህ አላልኩትም። በእሱ ቦታ ብሆን እንደ እኔ ያለችውን ሴት በጠላሁ ነበር። እሱ ግን ከሁሉ አስቀድሞ እናቱን እንዳመጣለት እኔን አመነ። ሰውን እንዲህ ማክበር ከዚያ በፊት አላየሁም፤ በፈንጂ ከተቆረጠው እግሩ ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ ልቡ ነው።

ወደ ሞጣ የሄደበት ዕለት ዕቃው ሁሉ መኪናው ላይ ተጭኖ ሹፌሩ ክላክሱን እየነፋ ሳለ ወደ እኔ ተንከባሎ መጣ። ልሰናበተው እጄን ስዘረጋ «ይቆዩኝ፣ ያ ምድጃ አሁንም አለ?» አለኝ።

ዕቃ ቤት ገብቼ ከነአቧራው አወጣሁለት። በጋቢው ጫፍ ጠራረገው፣ ፈታታው፣ አንዲት ትንሽ ነገር አቃንቶ መልሶ ገጠመው። ሹፌሩ እየተቆጣ ጠበቀ። ክብሪት ለኮሰበት፤ እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ተያያዘ። «በሉ ይሥሩበት» አለኝና ታደሰና ግዛቸው አቅፈው መኪናው ላይ አወጡት። መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ገብቼ የምሳውን ወጥ በዚያው ምድጃ ላይ ጣድኩ።